ምክንያትን ከውጤት አዛምዶ መጻፍ

አንድ ነገር ደርሶ ስናይ «ለምን ሆነ?» ብለን ብንጠይቅ ምክንያቱን መፈለጋችን ነው፤ «ከዚህስ ምን ይከተላል?» ብለን ብንጠይቅ ደግሞ ውጤቱን መፈለጋችን ነው። ምክንያትንና ውጤትን የሚያዛምድ ገላጭ ድርሰት ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በቃላት እጥረት ሳይሆን በችኮላ ነው። ጸሐፊው መጀመሪያ የመጣለትን ግምት እንደ ተረጋገጠ ነገር አድርጎ ከያዘ፣ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ሁሉ ምንም ቢያምር ከእውነት የራቀ ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡና በመጨረሻ የቀረቡትን ጥያቄዎች ሥሩ።

ምንባብ፦ ሙቅ አየር የሚነፍስ ማቀዝቀዣ

ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ የሚወስደው መንገድ የአፋርን ቆላ አቋርጦ ያልፋል። በሰኔ ወር ቀትር ላይ የዚህ አገር ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊበልጥ ይችላል። አንድ ሚኒባስ በዚህ መንገድ ይጓዛል እንበል። ከተሳፋሪዎቹ መካከል አንዲት አሮጊትና ሕፃን የታቀፈች እናት አሉ። መኪናው በሚሮጥበት ጊዜ የአየር ማቀዝቀዣው ደኅና ነበር፤ ከከባድ መኪናዎች ኋላ ተሰልፎ ሲቆም ግን ሙቅ አየር ይነፍስ ጀመር። ሕፃኑ አለቀሰ፤ አሮጊቷም ራሳቸውን አዞራቸው።

ረዳቱ ወዲያው፣ «ጋሼ፣ ጋዙ ስላለቀ ነው፤ ሰመራ እንደ ደረስን እናስሞላ» አለ። ሹፌሩ ግን፣ «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ እንየው» ብሎ መኪናውን ከመንገድ ዳር አቆመ። ተሳፋሪዎቹ ወርደው በጥላ እንዲቀመጡና ውኃ እንዲጠጡ አደረገ።

ሹፌሩ ለምን እንዳልቸኮለ ለመረዳት የመሣሪያውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣ ሙቀትን ከመኪናው ውስጥ ስቦ ወደ ውጭ ያወጣል እንጂ ቅዝቃዜን አይፈጥርም። በመጀመሪያ ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ጋዙም ሲጨመቅ ይግላል። ከዚያም ከራዲያተሩ ፊት ወዳለው ኮንደንሰር ሄዶ ሙቀቱን ለውጭው አየር ይለቅና ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ከዳሽቦርዱ በስተጀርባ ወዳለው ኢቫፖሬተር ሲገባ ግፊቱ ስለሚቀንስ ይተንናል፤ ሲተንም በአካባቢው ያለውን ሙቀት ይስባል። እጃችን ላይ ያፈሰስነው አልኮል ሲተን እጃችንን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል አየሩ ሙቅ ይሆናል። ስለዚህ ሹፌሩ ከቀላሉ ጀምሮ በተራ መረመረ። ሞተሩን አጥፍቶ ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረውን ቺንጋ አየ፤ አልተበጠሰም፤ አልላላምም። ኮንደንሰሩንም አየ፤ በጭቃ ወይም በአቧራ አልተደፈነም። ከዚያም ሞተሩን አስነሥቶ፣ እጁንና ልብሱን ከሚዞሩት ክፍሎች አርቆ፣ ኮምፕሬሰሩ መሥራቱን ተመለከተ፤ ይሠራል። የኮንደንሰሩ ማራገቢያ ግን ቆሟል። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ኮንደንሰሩን ያቀዘቅዘው ስለ ነበር ጉድለቱ አልታወቀም፤ ሲቆም ግን ሙቀቱን የሚወስድ አየር ጠፋ። የማራገቢያው ፊውዝ ተቃጥሎ ነበር። በእርሱ ፈንታ መጠኑ እኩል የሆነ ፊውዝ ሲተካ ማራገቢያው ዞረ፤ አየሩም ቀዘቀዘ። ሹፌሩም ረዳቱን፣ «ይኸኛውም ከተቃጠለ ከፍ ያለ ፊውዝ እንዳትተካ፤ ሽቦው ይነዳል። ያን ጊዜ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይየው» ሲል አስጠነቀቀው።

የረዳቱ ግምት ሌላም ስሕተት ነበረበት። ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ አንድ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ጋዝ ማስሞላት በተሰነጠቀ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። በቧንቧዎቹ መጋጠሚያ ላይ የሚታይ የዘይት እድፍ የማፍሰሱ ምልክት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ቧንቧውን መፍታት የሠለጠነ መካኒክ ሥራ ነው፤ ፈትልኮ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳን በቅዝቃዜው ይጎዳል፤ ዐይንንም ሊያሳውር ይችላል። በቀድሞዎቹ መኪናዎች ይሞላ የነበረው አር 12 የተባለው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እንዲቀር ተደርጓል። በብዙ መኪናዎች የተተካው አር 134ኤም ቢሆን ወደ አየር ሲለቀቅ የምድርን ሙቀት ይጨምራል።

የሰዋስው ማብራሪያ

የሚከተሉትን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. ፊውዙ ስለ ተቃጠለ ማራገቢያው ቆመ።
ለ. ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ አይዞርም።
ሐ. ጋዙ አልቆ ቢሆን ኖሮ ማራገቢያው ቢዞርም አየሩ ባልቀዘቀዘ ነበር።

በ«ሀ» ያለው «ስለ» ታይቶ የተረጋገጠ ምክንያትን ያመለክታል። በ«ለ» ያለው «ከሆነ» ገና ያልተረጋገጠና ሊመረመር የሚገባው ሁኔታን ያሳያል። በ«ሐ» ያለው «ቢሆን ኖሮ» ደግሞ ያልሆነውን ነገር እንደ ሆነ አስቦ ግምቱ ሐሰት መሆኑን ለማስረዳት ያገለግላል። ረዳቱ የተሳሳተው «ጋዙ አልቆ ይሆናል» ማለት ሲገባው «ስላለቀ ነው» በማለቱ ነው። ስሕተቱ የአንዲት ቃል ይመስላል፤ ነገር ግን ያቺ ቃል ምርመራውን ሳይጀመር ልትዘጋው ነበር፤ ገንዘቡም በከንቱ በወጣ፣ ሕፃኑና አሮጊቷም በሙቀት በተሠቃዩ ነበር።

መልመጃ

1. ማቀዝቀዣው መኪናው ሲሮጥ ደኅና ሆኖ ሲቆም የሞቀው ለምን እንደ ሆነ በራሳችሁ አነጋገር በአንድ አንቀጽ ግለጹ።
2. ከምንባቡ ውስጥ ምክንያትን የሚያመለክቱ አራት ዓረፍተ ነገሮችን አውጥታችሁ ምክንያቱንና ውጤቱን ለዩ።
3. «ስለ»፣ «ከሆነ» እና «ቢሆን ኖሮ» የሚገኙባቸውን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ከራሳችሁ ኑሮ መሥርቱ።
4. በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ የተበላሸ አንድ ዕቃ መርጣችሁ፣ ሊሆኑ የሚችሉትን ምክንያቶች ከቀላሉ ወደ ከባዱ በተራ የሚመረምር ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። ሳታረጋግጡ «ስለ» አትበሉ።