ለመጀመሪያ ጊዜ የሥጋ መጥበሻ ማንደጃ ለሚገዛ ሰው የሚሆን አጭር ትምህርት

ሥጋ መጥበስ ማንም የሚያውቀው ሥራ ስለሚመስል ሊማረው የሚሻ ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ የራሱን ማንደጃ ለመግዛት ወደ ገበያ የሚሄድ ወጣት፣ በብረት ሠሪው ደጃፍ ተደርድረው ከሚያያቸው ዕቃዎች የትኛው እንደሚበጀው ለመለየት ይቸገራል። ትንሽ አለ፣ ትልቅ አለ፤ ክዳን ያለው አለ፣ የሌለው አለ፤ ውስጡ ሸክላ የሆነ አለ፣ ከበርሜል የተቈረጠ አለ። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ትምህርት ይህን ምርጫ የሚመለከት ሲሆን፣ ምሳሌውን የወሰድነው ከምናውቀው አገር፣ ከቆቦና ከራያ ቆላ ነው።

ቆቦ ከወልዲያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ወደ 1,470 ሜትር ይጠጋል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይታዩአታል። አገሩ ማሽላ አብቃይ፣ ከብትና ፍየል አርቢ ስለ ሆነ ሥጋና እሳት ለነዋሪው እንግዳ ነገሮች አይደሉም። የቆላው እረኛ በሜዳ ድንጋይ አግሎ ሥጋ ይጠብስበታል፤ እናቶች የወተቱን ዕቃ በወይራ ጢስ ያጥናሉ፤ የጠላው ጋንም እንዲሁ ይታጠናል፤ ሴቶችም ለገላቸው የወይባ ጢስ ይሞቃሉ። እንግዲህ በፍም መጥበስም ሆነ በጢስ ማጠን ከውጭ አገር የመጣ ጥበብ ነው ማለት አይቻልም። አዲስ የሆነው ዕቃው ብቻ ነው።

ስለ ዕቃው ካነሣን፣ በአሜሪካ አገር በየጓሮው የሚታየው ክዳን ያለው ድቡልቡል ማንደጃ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ጆርጅ ስቲቨን የተባለ በቺካጎ በብረታ ብረት ሥራ ድርጅት የሚሠራ ሰው፣ ነፋስና አመድ ጥብሱን ስላበላሹበት፣ በውሃ ላይ ለመርከቦች ምልክት የሚሆነውን ክብ ብረት ከሁለት ከፍሎ አንዱን ለፍም፣ ሌላውን ለክዳን አደረገው። ከዚህ ታሪክ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር ሰውየው መጀመሪያ ችግሩን ማወቁ፣ ከዚያ በኋላ ዕቃውን መሥራቱ ነው። እኛ ግን ተቃራኒውን አድርገን ስለ ነበር፣ ሌላው እንዲማርበት ጥፋታችንን ሳንደብቅ እንናገራለን።

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ሰሞን ቆቦ ላይ ስድስት ሆነን ገንዘብ አዋጣንና ከበርሜል የተቈረጠ፣ አራት እግር ያለው ትልቅ ማንደጃ ገዛን። የመረጥነው በግርማው ነው። ፍየል አርደን በአንድ ባልንጀራችን ግቢ እሳት ስናነድ በመጀመሪያ የበርሜሉ ቀለም ይሸት ጀመር። ቀጥሎም ሆዱን በፍም ለመሙላት አንድ ማዳበሪያ ከሰል ልንጨርስ ደረስን። በሦስተኛ ደረጃ፣ የጋበዝናቸው ሁለት ሙስሊም ጓደኞቻችን እንደ አገሩ ልማድ የራሳቸውን ሥጋ ከእስላም ሥጋ ቤት ገዝተው ይዘው መጡ፤ ፍርግርጉ ግን አንድ ብቻ፣ ያውም የእኛን የፍየል ስብ የጠጣ ነበር። «አብሽሩ፣ ሻይ ይበቃናል» ብለው ሣቁ፤ ሥጋቸውም በፌስታል እንደ ተጠቀለለ ወደ ቤት ተመለሰ። እነርሱ ቢሥቁም እኛ አፈርን።

አራተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። ወደ ማታ ዝናብ ጣለ። ማንደጃውን ከነፍሙ ተሸክመን ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባነው፤ ውሽንፍሩንም ፈርተን በሩን ዘጋን። ጢስ አልነበረም፤ ፍሙ ቀልቶ ያማረ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ቈየን ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ «ራሴን አመመኝ» አለ፤ አስመለሰው፤ ሊነሣ ሲል ጕልበቱ ከዳው። የባልንጀራችን እናት ሚጥሚጣ ሊያቀብሉን በሩን ሲከፍቱ ነገሩ ገባቸው። «ልጆቼ፣ ከሰሉ ሊፈጃችሁ ነው፤ ውጡ!» ብለው ልጁን እየጐተቱ ወደ ዝናቡ አወጡት። በሐኪም ታይቶ ዳነ። ከዚህ በታች በአምስት ክፍል የምንዘረዝረው ከዚያች ምሽት በኋላ ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን ነው።

1ኛ፤ ስለ ቦታው። ከማንደጃው በፊት የሚመረጠው ማንደጃው የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኀይል የኦክሲጅንን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሰው አየር እየሳበ ሳለ ይታፈናል። ብዙዎች ጢሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላ ከሰሉን ወደ ቤት ማስገባት ጉዳት የለውም ብለው ያምናሉ። ይህ እምነት ሰው የሚገድል ስሕተት ነው፤ ጢስ የሌለው ፍም ጋዙን ማውጣቱን አይተውምና። መስኮት ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ደጅ ወይም ግድግዳ የሌለው ዳስ ያላገኘ ሰው የከሰል ማንደጃ ባይገዛ ይሻለዋል፤ በተማሪ ማደሪያ ክፍል ውስጥማ ፈጽሞ አይሞከርም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መፍዘዝ የተሰማው ሰው ቢኖር ሁሉም ወዲያውኑ ወደ ደጅ ይውጣ፤ ከዚያም የታመመው ወደ ሐኪም ይወሰድ። ዝናብ ቢመጣ ሥጋው ይግባ፤ እሳቱ ውጭ ይቅር።

2ኛ፤ ስለ እንግዳው። ባለ 200 ሊትር በርሜል ቁመቱ 88፣ ወርዱ 57 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ለሁለት ሲሰነጠቅ ግማሽ ካሬ ሜትር የሚሆን አፍ ይኖረዋል። ይህ ለሠርግ መልካም ነው፤ ለአራትና ለአምስት ሰው ግን ከሰል መፍጀት ነው። ከቍጥሩም ሌላ የእንግዳው ሃይማኖት ይታሰብ። ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ተዋሕደው የሚኖሩበት አገር ነው። ደጋሽ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ማሳረዱ የቈየ ልማድ ነው። ታዲያ ለድስቱ የምናስበውን ለማንደጃው ስለ ምን እንረሳለን? ጀማሪ ፍርግርጉ የሚነሣ ማንደጃ ይምረጥ፤ ሁለት ፍርግርግ፣ ሁለት መቈንጠጫና ሁለት ቢላዋ ይያዝ፤ እንዳይቀላቀሉም ምልክት ይደረግባቸው። በአንድ ማንደጃ የሚጠበስ ከሆነ እንግዶቹ ይጠየቁ፤ ከፈቀዱም ፍሙ ገና ስብ ሳይነካው የእነርሱ ሥጋ ይቅደም። ከሁሉ የሚሻለው ግን በአንድ ትልቅ ማንደጃ ፋንታ ሁለት ትንንሾችን መግዛት ነው።

3ኛ፤ ስለ ብረቱ። በአዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ እንደሚታየው ሁሉ፣ በየከተማው ያረጀ ብረት ወደ አዲስ ዕቃ ይለወጣል። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ገዢው ግን ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ በርሜሉ ቀድሞ ምን ነበረበት? የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ኬሚካል የነበረበት ከሆነ ዋጋው ቢረክስም አይገዛ። ሁለተኛ፣ ብረቱ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነውን? ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ በ907 ዲግሪ ይፈላል። በደንብ የተራገበ ፍም ይህን ያህል ሊሞቅ ስለሚችል፣ ከዚንኩ የሚወጣውን ጢስ የሳበ ሰው እንደ ወባ ያለ ብርድ ብርድ ማለትና ትኵሳት ይይዘዋል። ሦስተኛ፣ ቀለም ተቀብቷልን? ከተቀባ ሥጋ ሳይጣድበት በፊት በደጅ ባዶውን ይነደድ፤ የቀለሙ ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋም ደጋግሞ ይቃጠል። እግሩም ተነቅንቆ ይታይ፤ የሚወላገድ ማንደጃ ፍሙን በሰው እግር ላይ ይደፋል።

4ኛ፤ ስለ ከሰሉ። በ1980ዎቹ ዓመታት በአገራችን «ላቀች» የተባለ ማንደጃ ተሠርቶ ለገበያ ቀርቧል። ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ሸክላ ሲሆን፣ ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ስለሚያቈይ ተራው የብረት ማንደጃ ከሚፈጀው ከሰል ሩብ ያህሉን ያድናል። ይኸውም አራት ማዳበሪያ ለሚፈጅ ቤት አንዱን ማዳበሪያ ያተርፋል ማለት ነው። ይህ የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአፈር ተሸፍኖ በሚቃጠል የከሰል ክምር ከ100 ኪሎ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ብቻ ነው። እንግዲህ እኛ በአንድ ምሽት ያባከንነው ማዳበሪያ በስተጀርባው ስንት የግራር እንጨት እንዳለ መገመት አያዳግትም። በቆላ ደግሞ ግራር ለከብቱም ለሰውም ጥላ ነው፤ ፍየሉም ፍሬውንና ቅጠሉን ይበላል። ምርጫ ከተገኘ፣ በአፋር የግጦሹን መሬት ከወረረው ፕሮሶፒስ ከተባለው እሾኻም ዛፍ የተሠራውን ከሰል መግዛት ይሻላል።

5ኛ፤ ስለ ክዳኑና ስለ ጢሱ። ክዳን የሌለው ማንደጃ ለዝልዝልና ለጐድን ይበቃል፤ ሥጋው ስስ ስለ ሆነ ከታች የሚመጣው ሙቀት ቶሎ ያበስለዋል። የፍየል ወርች ግን ጮማ የሌለውና ጅማታም ስለ ሆነ በኀይለኛ ፍም ላይ ቢጣድ ውጩ ያርራል፣ ውስጡ ይጠነክራል። ለእንዲህ ያለው ሥጋ ፍሙን ወደ አንድ ጐን ሰብስቦ፣ ሥጋውን በሌላው ጐን አኑሮ፣ ከድኖ በዝግታ ማብሰል ያስፈልጋል። ማጠኛ የሚባለውም ዕቃ ከዚህ የተለየ ምስጢር የለውም፤ ከታች የአየር መግቢያ፣ ከላይ የጢስ መውጫ ያለው የተከደነ ማንደጃ ነው። መግቢያው ሲጠብ እሳቱ ይበርዳል፤ ሲሰፋ ይግላል። ለጢሱም እናቶቻችን ለወተት ዕቃ የሚያደርጉትን መከተል ነው፤ ጥቂት የደረቀ የወይራ ስንጣሪ ይበቃል። ብዙ ጢስ ሥጋውን ያመርረዋል። ቅንጭብንና ቍልቋልን የመሰለ ነጭ ደም ያለው እንጨት ግን ለጥብስ አይነካም፤ ወተቱ መርዛም ነው። ጀማሪው በክዳን የለሹ ማንደጃ እሳትን መግዛት እስኪለምድ ድረስ ማጠኛ ለመግዛት አይቸኵል።

ማንደጃው ከተገዛ በኋላ የመጀመሪያው ቀን የፈተና ቀን ይሁን። ፍሙ ግራጫ አመድ እስኪለብስ ይጠበቅ፤ ነበልባል ላይ ሥጋ አይጣድም። ከፍርግርጉ በላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል መዳፍን ዘርግቶ መቍጠር ጥሩ መለኪያ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰኮንድ ብቻ የሚያስችል ፍም ኀይለኛ፣ አምስት ወይም ስድስት የሚያስችል መካከለኛ ነው። የበግ ሥጋ ሲሆን ላቱ ፍሙ ላይ እየተንጠባጠበ እሳት ስለሚያስነሣ ተለይቶ በጐን ይጠበስ። ቁርጥ መውደዳችን የታወቀ ቢሆንም፣ በደንብ ያልበሰለ የከብት ሥጋ ኮሶ እንደሚያስይዝ አይዘነጋ። የሥጋው መካከል 63 ዲግሪ፣ የዶሮ ሲሆን 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ለመብል የተዘጋጀ ነው፤ መለኪያ የሌለው ሰው ወፍራሙን ቦታ ቈርጦ ይይ።

በጠቅላላው ለጀማሪ የምንመክረው፣ ውስጡ ሸክላ የሆነ ትንሽ ማንደጃ፣ ሁለት ፍርግርግና ከላዩ ዝናብ የሚከልል ግድግዳ የለሽ ዳስ ነው። በርሜሉን ለማኅበር ድግስ፣ ማጠኛውን ለኋላ ይተወው።

ባለፈው እንቍጣጣሽ ይህንኑ አድርገናል። ሁለት ትንንሽ ማንደጃ ገዛን፤ የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ የበርሜሉን አላከለም። በአንደኛው ፍርግርግ እጀታ ላይ የባልንጀራችን እናት ቀይ ክር አሰሩበትና «ይህ የእንግዶቻችሁ ነው፤ በሌላ ሥጋ እንዳትነኩት» አሉን። ሁለቱ ጓደኞቻችን በፌስታል ያመጡትን ሥጋ በገዛ እጃቸው ጠበሱ። ወደ ማታ ዝናብ ሲጥል ፍሙን በደጅ ትተን፣ ሥጋውን ብቻ ይዘን ገባን። ከሁላችን ቀድሞ በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው ያ በዕድሜ ትንሹ ነበር። የበርሜሉ ማንደጃ ዛሬ በዚያው ግቢ የከብት ውሃ መጠጫ ገንዳ ሆኖ ያገለግላል።