ሞጁሉን ዝጉትና ጻፉ!

ቀን ሥራ ውላችሁ፣ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ሞጁል የምትገልጡ የርቀት ትምህርት ተማሪዎች፣ ብርታታችሁ ያስደንቃል! በተለይ ቋንቋ የምታጠኑ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። መምህር አጠገባችሁ የለም፤ ቲቶሪያሉም ጥቂት ቀን ነው። ስለዚህ አነባበባችሁ ራሱ መምህር ሊሆናችሁ ይገባል፤ ይችላልም።

ብዙ ተማሪ መልመጃውን ቀድሞ ያይና መልሱን ከገጹ ያድናል፤ ፈተና ሲደርስ ደግሞ ያሰመረበትን እየደጋገመ ያነባል። መደጋገም ያወቅን እንዲመስለን ያደርጋል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡ፤ ሌላውን ግን አንብበው ከጨረሱ በኋላ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ከጻፉት 56 በመቶ፣ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ አስታወሱ። የእናንተ ፈተና ደግሞ ከ5 ደቂቃ በኋላ አይመጣም!

አማርኛ የምታጠኑ፣ ስለ ቃል ክፍሎች የሚያወራውን ምዕራፍ ውሰዱ። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በሰዋስው መጽሐፋቸው የቃል ክፍሎችን ስምንት አድርገው ሲያስተምሩ፣ ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» አምስት ብቻ ይላሉ። ስምንትን መሸምደድ ቀላል ነው፤ አምስትንም እንዲሁ። ግን ሦስቱ የት ገቡ? ተውላጠ ስም ከስም ጋር የሚመደበው በምን ምክንያት ነው? መስተጻምርስ ለምን ራሱን ችሎ አልቆመም? ይህን ስትጠይቁ፣ «እገሌ እንዲህ አለ» ከማለት አልፋችሁ ማስረጃውን መመዘን ጀመራችሁ ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲ ንባብ ይሄ ነው! ሁለቱን መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍት ወይም ከባልደረባ ተዋሱና ጎን ለጎን አንብቧቸው። ደስታውን ታዩታላችሁ።

ከዚያ ሁሉንም ዝጉና የገባችሁን በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ያልመጣላችሁ ነገር ሽንፈት አይደለም፤ ነገ ወደ የትኛው ገጽ እንደምትመለሱ ያሳያችኋል። አሳይመንት ሲሰጥም ከሞጁሉ መገልበጥ አያሻችሁም፤ የራሳችሁ ቃልና የራሳችሁ ጥያቄ በእጃችሁ አለ፤ የሌላ ሰው ሐሳብ ስትጠቅሱም የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እስከ ቅዳሜ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ሁለት ገጽ አንብቡ፣ ዝጉት፣ እስክሪብቶ አንሡ!