የናማሃጌ ጭምብልና አፈ ታሪኩ

ጭምብል ሲባል ብዙዎቻችን ፊትን መሸሸጊያ ብቻ ይመስለናል። በጃፓን ባላገር ዘንድ ግን ጭምብል መምከሪያና መገሠጫም ነው። ለዚህ አስረጅ የሚሆነን በሰሜን ጃፓን፣ በአኪታ አውራጃ፣ በኦጋ ባሕረ ገብ መሬት ያለው የናማሃጌ ልማድ ነው።

በዲሴምበር 31 ማታ፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነውና፣ የመንደሩ ሰዎች የጋኔን መልክ ያለው ጭምብል ያጠልቃሉ፤ የገለባ ካባ ይደርባሉ፤ የእንጨት ቢላዋ ይይዛሉ። ከዚያም «የሚያለቅስ ልጅ አለ? ሰነፍ አለ?» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። አባወራው አያባርራቸውም፤ እንደ ክቡር እንግዳ ተቀብሎ ምግብና የሩዝ መጠጥ ያቀርባል፤ ስለ ልጆቹም ዋስ ሆኖ ይመልሳል። ስሙም ትርጉም አለው። በበረዶው ወራት ሥራ ፈትቶ እሳት ዳር የሚውል ሰው ቆዳው ላይ ምልክት ይወጣበታል፤ ናማሃጌ ማለት ይህን የስንፍና ምልክት የሚልጥ ማለት ነው ይባላል።

አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። ዉ የተባለው የቻይና ንጉሠ ነገሥት አምስት አጋንንት አስከትሎ ወደ ኦጋ መጣ። አጋንንቱ በዓመት አንድ ቀን ዕረፍት ሲሰጣቸው ወደ መንደር እየወረዱ እህልና ልጃገረድ ይዘርፉ ጀመር። ባላገሮቹ በኃይል እንደማይችሏቸው ስላወቁ «ዶሮ ሳይጮኽ በአንድ ሌሊት 1000 የድንጋይ ደረጃ ከሠራችሁ በየዓመቱ አንዲት ልጃገረድ እንሰጣችኋለን፤ ካልሆነ ግን ተመልሳችሁ አትምጡ» ብለው ተዋዋሉ። 999ኛው ደረጃ እንዳለቀ አንድ ሰው እንደ ዶሮ ጮኸ፤ አጋንንቱም የነጋ መስሏቸው ሸሹ። ያ ነው የሚባለው ደረጃ ዛሬም በኦጋ ይታያል።

እንግዲህ በአፈ ታሪኩ ቀማኛ የነበረው ጋኔን በልማዱ መካሪ ሆኗል። ምክንያቱም ከጭምብሉ በስተኋላ ያለው የመንደሩ ልጅ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ይህ የእኛ እኩዮች፣ ያላገቡ ጎረምሶች፣ ሥራ ነበር።

ዩኔስኮ በ2018 እ.ኤ.አ. ናማሃጌን ከሌሎች መሰል የጃፓን ልማዶች ጋር በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ነገር ግን ወጣቱ ትምህርትና ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ስለሚሄድ ጭምብል የሚያጠልቅ ያጡ መንደሮች አሉ፤ በአንዳንዱም ልማዱ ቀርቷል። በኦጋ ቤተ መዘክር የየመንደሩ ጭምብል ተሰቅሎ ይታያል። ግድግዳ ላይ ያለ ጭምብል ግን «ሰነፍ አለ?» ብሎ አይጠይቅም። ልማድ በመዝገብ ይታወሳል፤ የሚኖረው ግን በሰው ነው።