የሲሚንቶ ወለልን ለማቅለም የሚደረግ ዝግጅት

የቅድመ ንባብ ጥያቄ

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት የመማሪያ ክፍላችሁን ወለል ተመልከቱ። ውሃ ጠብ ቢልበት ይመጠዋል ወይስ እንደ ጤዛ ይንከባለልበታል? ምክንያቱስ ምን ይመስላችኋል?

ምንባብ

ከማርሳቢት ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ ከኢትዮጵያ ወሰን ብዙም ሳትርቅ፣ ሶሎሎ የምትባል ትንሽ የኬንያ ከተማ ትገኛለች። በአካባቢዋ በብዛት የሚኖረው የቦረና ሕዝብ ሲሆን፣ ወገኖቹ ከወሰኑ ወዲህም ወዲያም አሉ። አገሩ ደረቅ በመሆኑ ውሃ ውድ ነገር ነው። በኢትዮጵያ በኩል ያሉት ቦረናዎች ከጥልቅ ኤላ ውሃ ሲያወጡ በተርታ ቆመው፣ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉና እያዜሙ መሆኑን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እንዲህ ባለ አገር «ወለሉን በውሃ አጥለቅልቃችሁ እጠቡ» ብሎ ማስተማር አይቻልም። ይሁን እንጂ የሥራው ምስጢር ይበልጥ የሚገለጠው ውሃ ሲያንስ ነው፤ ውሃ የተረፈው ሰው ብዙውን ጊዜ ሳያስብ ያጥባል።

በአገራችን ለስላሳ የሲሚንቶ ወለል «ሊሾ» ይባላል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙም ልስልስ ማለት ነው። ሲሚንቶም በአገር ውስጥ መመረት የጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ በተተከለው ፋብሪካ ነበር። ሊሾ ሲያረጅ መልኩ ይደበዝዛል። ባለቤቱም ወይ ቀለም ይቀባዋል፣ ወይ በማቅለሚያ ያቀልመዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቅብ እንደ ጋቢ ከላይ ይሸፍናል፤ ማቅለሚያ ግን እንደ እንሶስላ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ቅባት የነካው እጅ እንሶስላ በደንብ እንደማይዘው ሁሉ፣ ሰም ወይም ዘይት የጠጣ ወለልም ማቅለሚያ አይቀበልም። ከዚህም በላይ ማቅለሚያ ነውር አይሸፍንም፤ ከሥሩ የነበረውን እድፍ ሁሉ አጉልቶ ያሳያል። አንዴ ከገባም በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ ሥራው የሚበላሸው ወይም የሚያምረው ማቅለሚያው ከመፍሰሱ አስቀድሞ ነው።

ወለሉን መመርመር በጥቂት ውሃ ይቻላል። በልዩ ልዩ ስፍራ፣ በተለይም በበሩ መግቢያና በግድግዳው ጥግ፣ ጠብታ ውሃ ይደረጋል። ወለሉ ውሃውን መጥጦ ከጠቆረ ቀዳዳዎቹ ክፍት ናቸው። ውሃው ድቡልቡል ሆኖ ከቀረ ግን ሰም፣ ዘይት ወይም አሮጌ ቅብ አለበት ማለት ነው።

እድፉ እንደ ዓይነቱ ይወገዳል። ሰም ሰም በሚያሟሟ ፈሳሽ ይለቅቃል። ዘይት በቅድሚያ በሰጋቱራ ወይም በአመድ ይመጠጣል፤ ቀጥሎ ቅባት በሚያስለቅቅ ሳሙና በብሩሽ ይታሻል። አሮጌ ቅብ ይፋቃል። ነገር ግን የጥንት ቅብ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ የሲሚንቶም ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ፣ በደረቁ መፋቅ አይገባም። ወለሉን በጥቂቱ እያረጠቡ፣ አፍና አፍንጫን ብናኝ በሚከላከል ጭንብል ሸፍኖ መሥራት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰዎች አሲድ ሁሉን ያጸዳል ብለው ያምናሉ። ይህ ስሕተት ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በሲሚንቶው ውስጥ ያለውን ኖራ ይበላል እንጂ ሰምንና ዘይትን አያሟሟም። ሌላም ጉዳይ አለ። አንዳንዱ ማቅለሚያ የብረታ ብረት ጨው ያለበት ሲሆን፣ ቀለሙን የሚያወጣው ከኖራው ጋር ተዋሕዶ ነው። ወለሉ አስቀድሞ በብርቱ አሲድ ከታጠበ ማቅለሚያው የሚዋሐደውን ኖራ ያጣል፤ ቀለሙም ደብዛዛና ዥጉርጉር ይሆናል። አሲድ የግድ በሚያስፈልግበት ሥራ ደግሞ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ በአሲድ ላይ ከቶ አይፈስም፤ ፈልቶ ዓይንንና ቆዳን ያቃጥላልና። ከዚያም በሶዳ ማርከስና ደጋግሞ በውሃ ማለቅለቅ ይከተላል። የሶሎሎ ሰው ይህን ውሃ ከየት ያመጣል? እንደ እኔ አስተያየት፣ ውሃ በተቸገረ አገር አሲድን መተውና በእጅ መፈግፈግ ይሻላል።

እንግዲህ በዚያች ከተማ አንድ የመማሪያ ክፍል ወለል ሊቀለም ነው እንበል። ሠራተኛው አሸዋውንና አቧራውን አጥብቆ ይጠርጋል። የጠነከረውን እድፍ በመፋቂያ ያነሣል። ከዚያም ሁለት ባልዲ ይዞ፣ በአንዱ የሳሙና ውሃ በሁለተኛው ንጹሕ ውሃ አድርጎ፣ ከውስጠኛው ጥግ ወደ በሩ እየተመለሰ ጥቂት ጥቂቱን ያሻል። ቆሻሻው ሳይደርቅ በጨርቅ ይመጥጠዋል፤ ከደረቀ ወደ ቀዳዳዎቹ ተመልሶ ይገባልና። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ያብሳል። የታጠበበት ውሃ ከብት ከሚጠጣበት ወይም ከጉድጓድ አጠገብ አይደፋም።

ወለሉ ሲደርቅ የጠብታው ምርመራ ይደገማል። ከታች የሚመጣ እርጥበት መኖሩን ለማወቅም ጎንና ጎኑ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ በወለሉ ላይ ይዘረጋል። ዳር ዳሩ በማጣበቂያ ታሽጎ ቢያንስ ለ16 ሰዓት ይቆያል። ሲገለጥ ከሥሩ ላብ ከታየ ወይም ወለሉ ከጠቆረ ማቅለሙ ይዘገያል። አዲስ የተለሰነ ወለል ከሆነም በተለምዶ 28 ቀን ይጠበቃል።

መልመጃ

1. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ እንደ ገቡበት አገባብ ፍቱ፦ ኤላ፣ ነውር፣ ዥጉርጉር፣ ማርከስ።
2. «ይበላል» የሚለው ቃል አሲድን በሚመለከተው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ምን ዓይነት ትርጉም አለው? በዚሁ ትርጉም ሁለት ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
3. ጸሐፊው ቅብን በጋቢ፣ ማቅለሚያን በእንሶስላ መስሏል። የሁለቱን ልዩነት በራሳችሁ ሌላ ምሳሌ ግለጹ።
4. ውሃ በሚበዛበት ቦታ ቢሆን ጸሐፊው ስለ አሲድ የሰጠው አስተያየት ይለወጥ ነበርን? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።