የካርቱሟ ወይዘሮ ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂም

በዚህ ትምህርት ከጎረቤታችን ከሱዳን የአንዲት ሴት ኑሮ እንመለከታለን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ወይዘሮ ፋጢማ በካርቱም የተወለዱት በትምህርት ከታወቀ ቤት ነው። አባታቸው መምህር ነበሩ፤ እናታቸውም በዚያ ዘመን ፊደል ከቈጠሩት ጥቂት ሴቶች አንዷ ነበሩ፤ ወንድማቸው ሳላሕ ስመ ጥር ባለ ቅኔ ሆኗል። ከካርቱም በወንዝ ማዶ ባለችው በኦምዱርማን ተማሪ ሳሉ፣ ለልጃገረዶች የሳይንስ ትምህርት ቀርቶ በቤት አያያዝ ትምህርት እንዲተካ ታዘዘ። ፋጢማ ጓደኞቻቸውን አስተባብረው ከክፍል ቀሩ፤ ትእዛዙም ተሻረ። የቤት አያያዝን ንቀው አልነበረም፤ ሌላው በር እንዳይዘጋባቸው ነው እንጂ።

በ1952 የሱዳን ሴቶች ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ሆኑ፤ በ1955 «የሴት ድምፅ» የተባለውን መጽሔት ማዘጋጀት ጀመሩ። በ1965ም ለሱዳን ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያይቱ ሴት እርሳቸው ናቸው። ኮሚኒስት ነበሩና በፖለቲካው ሐሳብ ከእርሳቸው የማንስማማ ብዙዎች ነን፤ የከፈሉትን ዋጋ ግን አናሳንስም።

በሐምሌ 1971 የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ፣ የሠራተኞች ማኅበራት መሪ የነበሩት ባለቤታቸው በጃዕፈር ኒሜሪ መንግሥት ተሰቀሉ። እርሳቸውም በገዛ ቤታቸው ታሰሩ። ከዚያም በኋላ ዝም አላሉም። በ1990 ተሰደዱ፤ በ2005 ተመልሰው ዳግመኛ በምክር ቤት ተቀመጡ። በነሐሴ 2017 በሎንዶን ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም ወደ አገራቸው ተመለሰ።