ቴክሳስ ውስጥ ቤት ለምታድስ ልጄ

ልጄ፣ ዳላስ ላይ በራስህ ስም ሥራ መጀመርህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ስለ ሙያህ የምነግርህ የለም፤ የላብህን ዋጋ ግን እንዳትቀማ እፈራለሁ።

1. ሰው የሚኖርበት ቤት ከሚያከራየው ቤት ይለያል። ቴክሳስ ገና ለብቻዋ ሪፐብሊክ ሳለች፣ በ1839 ባለዕዳ ከመኖሪያው እንዳይፈናቀል ሕግ አወጣች፤ ዛሬ ጥበቃው በሕገ መንግሥቷ ሰፍሯል። ሆምስቴድ ይሉታል። ሠርተህ ስላልተከፈለህ ብቻ በዚህ ቤት ላይ ሊን፣ ማለትም ለዕዳህ ቤቱን መያዣ የሚያደርግ መብት፣ ማስያዝ አትችልም። ጉዳዩ የሚወሰነው ገና መዶሻ ሳታነሳ ነው።

2. ዕቃ ከመራገፉና ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውሉ በጽሑፍ ይፈረም። ባለቤቱ ትዳር ካለው ባልም ሚስትም ይፈርሙ። ልጆቻችን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። «የአገሬ ሰው ነው፣ ቤተ ክርስቲያን እንተዋወቃለን፣ እንዴት ሚስትህን ጥራልኝ እለዋለሁ?» ይላሉ። ይሉኝታው ይገባኛል፤ ያደግንበት ነው። ነገር ግን ወጥ ቤቷ ሊፈርስ ያለች ሴት ዋጋውንና ጊዜውን አንብባ መፈረሟ ክብሯ ነው። እሷን ዘልሎ ከባሏ ጋር ብቻ መጨባበጥ ነው ነውሩ።

3. ሥራው የነባር ቤት እድሳት ከሆነ ሕገ መንግሥቱ የፊርማውን ቦታም ይወስናል፦ የጠበቃ፣ የታይትል ካምፓኒ ወይም ለሥራው የሚያበድረው ድርጅት ቢሮ። ቡና እየተጠጣ ሳሎን ውስጥ የተፈረመ ውል ገንዘብህን በክስ ለመጠየቅ ይረዳህ ይሆናል፤ ቤቱን ግን አይዝልህም። ከፈረሙ በኋላ በ3 ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ እንደሚችሉም በውሉ ላይ ይጻፍ። አስቸኳይ የጤናና የደህንነት ጥገና ካልሆነ በቀር እነዚህ ቀናት ሳያልፉ ግድግዳ አትንካ።

4. ውሉን ቤቱ በሚገኝበት ካውንቲ ክለርክ ቢሮ አስመዝግብ።

5. ይህን ሁሉ አድርገህም በሊን ብቻ አትተማመን፤ ክርክሩ ረጅም ነው። ክፍያውን በሥራው ደረጃ ከፋፍለው፦ ለዕቃ መግዣ ቀብድ፣ ማፍረሱ ሲያልቅ፣ ቧንቧና ኤሌክትሪኩ ኢንስፔክሽን ሲያልፍ። ለመጨረሻ የሚቀረው ትንሽ ይሁን። በመሀል «እግረ መንገድህን ይቺንም» ሲሉህ ዋጋውን ጽፈህ አስፈርም። ያለፈው ደረጃ ሳይከፈል ወደሚቀጥለው አትሂድ።

6. አንከፍልም ካሉህ ቀን ቁጠር። የሊን ቃለ መሐላው፣ ውልህ ካለቀበት ወር በኋላ ባለው ሦስተኛ ወር እስከ 15ኛው ቀን መግባት አለበት፤ ሥራው ማርች ላይ ካለቀ እስከ ጁን 15 ማለት ነው። ካስገባህ በ5 ቀን ውስጥ ቅጂውን ለባለቤቱ ላክ።

7. የውሉን ቅጽ አንድ ጊዜ ለቴክሳስ ጠበቃ ከፍለህ አሠራ። ለዚያ ቤት የተከፈለህን ገንዘብም ለሌላ ጉዳይ አታውለው፤ ሕጉ ለሠራተኞችህና ለዕቃ አቅራቢዎችህ በአደራ የተያዘ አድርጎ ያየዋል። ቀለም ቀቢውም ቤተሰብ አለው፤ ቼኩ ሲገባ አስቀድመህ የእሱን ክፈል።