ከኳስ በኋላስ? የሉቺያኖ ቫሳሎ የሙያ ጉዞና ለይፋት ቆላ ተጫዋቾች ያለው ትምህርት

መግቢያ

የአንድ ተጫዋች ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስላገባው ጎልና ስላነሳው ዋንጫ ነው። ከዚያ «ጫማውን ሰቀለ» ይባልና ታሪኩ እዚያው ላይ ይዘጋል። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ልጅ በ18 ዓመቱ ክለብ ገብቶ በ33 ዓመቱ ቢያቆም የተጫወተው 15 ዓመት ነው። በአገራችን የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ስለሆነ ገና 27 የሥራ ዓመታት ይቀሩታል። ስለዚህ የተጫዋች ሕይወት ጥናት ከሜዳ ውጪ ያለውን ረጅሙን ክፍልም ማየት አለበት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

የአምበሉ ጉዞ

ሉቺያኖ ቫሳሎ እ.ኤ.አ. በ1935 አስመራ ውስጥ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ ወታደር አባት ተወለደ። በሙያው መካኒክ ነበር። ኳሱንም በአስመራ ክለቦች ጀምሮ በኋላ ለድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫውቷል። በዚያ ዘመን የፋብሪካ፣ የጦር ሠራዊትና የመሥሪያ ቤት ቡድኖች ብዙ ነበሩ። ተጫዋቹ ከኳሱ ጎን ሥራ ይዞ መኖሩ የተለመደ ነበር።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክን (ግብፅን) ገጠመች። ግብፅ 2 ለ 1 እየመራች ጨዋታው ሊያልቅ 6 ደቂቃ ያህል ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ አቻ የምታደርገውን ጎል አገባ። በጭማሪ ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል ጨመሩና 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። ዋንጫውንም ሉቺያኖ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ከዚህ የሚበልጥ ክብር ለኢትዮጵያ ተጫዋች ከየት ይመጣል?

ክብሩ ግን እንጀራ ሆኖ አልዘለቀም። ሉቺያኖ መጫወቱን አቁሞ ብሔራዊ ቡድኑን አሰልጥኗል። በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወደ ጣሊያን ተሰደደና በሮም አቅራቢያ ኦስቲያ በምትባል ከተማ መኖር ጀመረ። እዚያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳ አምበል መሆኑን የሚያውቅለት ጥቂት ሰው ነው። ያቋቋመው የመካኒክነት እጁ ነው። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ መስከረም 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ በጣሊያን ኖረ።

ሌሎቹስ?

የዚያው ቡድን ጎል አግቢ መንግሥቱ ወርቁ ሌላ መንገድ ያዘ። የጎንደሩ ተወላጅ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ከወጣ በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1982 ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ሊቢያ ለተዘጋጀው የአፍሪካ ዋንጫ ደርሷል። የ1954ቱን ቡድን ያሰለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ለረጅም ዓመታት ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል። እርሳቸው ወደ አስተዳደሩ ገብተው ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ።

እንግዲህ ሦስት መውጫ በር አየን፦ የእጅ ሙያ፣ አሰልጣኝነትና አስተዳደር። ሁለቱ በሮች ጠባብ ናቸው። አንድ ቡድን ከሃያ የሚበልጡ ተጫዋቾች ቢኖሩት ዋና አሰልጣኙ ግን አንድ ብቻ ነው። ሰፊው በር የእጅ ሙያ ነው።

ወደ ሸዋ ሮቢት ስንመጣ

ይህ ትምህርት ከሁሉ በላይ የሚነካው በታችኛው እርከን ያለውን ተጫዋች ነው። ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ከፍተኛ ሊግ፣ አንደኛ ሊግ፣ ከዚያም የክልል ውድድሮች አሉ። እየወረድን በሄድን ቁጥር ደመወዙ ይቀንሳል፣ ውሉም ያጥራል። በጡረታ ሕጋችን ደግሞ የዘወትር አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። መዋጮው ያልተከፈለበት ዓመት ለተጫዋቹ አይያዝለትም። ስለዚህ ልጁ «ውሌ ላይ የጡረታ መዋጮ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ መብቱ ነው።

የአካባቢው ሁኔታም ይረዳል። በይፋት ቆላ ሙቀቱ ከባድ ስለሆነ ልምምድ የሚመቸው ማለዳ ወይም ወደ ማታ ነው። የቀኑ መሀል ታዲያ ለምን በእንቅልፍና በጫት ይለቅ? ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የጭነት መኪና በማያጣው መንገድ ላይ ጋራዥ፣ ብየዳና ጎሚስታ ሥራ አያጡም። ሽንኩርት በመስኖ በሚለማበት አገርም የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚጠግን ሰው ይፈለጋል። ማሾና ሽንኩርት መነገድም አለ። ሁለት ሦስት ሰዓት በየቀኑ ሙያ የለመደ ልጅ በ10 ዓመት ውስጥ ባለሙያ ይሆናል፣ ኳሱም አይቀርበትም።

ማጠቃለያ

«ሙያ የሚለምድ ልጅ ልቡ ኳሱ ላይ አይሆንም» የሚሉ አሰልጣኞች አሉ። ሉቺያኖ ግን መካኒክም አምበልም ነበር፣ በ84ኛው ደቂቃም ልቡ ሜዳው ላይ ነበር። የእኛ ዲፓርትመንት ተመራቂዎች ነገ የየወረዳውን ቡድን እንይዛለን። የልጆቹን ፍጥነትና ትንፋሽ ስንለካ አንድ መዝገብ እንጨምር፦ ስም፣ የተጫወተበት ዓመት፣ የደረሰበት ጉዳት፣ የተከፈለ የጡረታ መዋጮ፣ የሚማረው ሙያ። መዝገቡ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ብቻ ይጠይቃል። ጫማውን የሰቀለ ልጅ ግን በማግስቱ ምን ይዞ እንደሚነሳ የሚያሳየን እሱ ነው።